የሰናይት ኬላ

ልጆቹ ናቸው ይህን ያስጀመሩኝ። ባለፈው የማርያም ዕለት የልጅ ልጆቼ ቤቴ ተሰብስበው፣ ሁሉም እንደ ዳዊት ደጋሚ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሳለ፣ አንደኛዋ «ወይኔ! ቫይረስ ገባብኝ!» ብላ ጮኸች። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነቃነቅ፣ «ማን እንደላከው ሳትጠይቂ የተላከልሽን ፈታሽዋ! ኬላ የሌለው አገር እንዲህ ነው» አልኳት። ሁሉም ከስልኩ ቀና አለ።

«እምዬ፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከሰናይት ነዋ!»

«ሰናይት ማናት?»

ይኸው እንግዲህ፣ ጀምረው ለቀቁኝ። በአፌ ልንገራችሁ ብል ወሬዬ እንደ ርብ ወንዝ ነው፤ ትንሽ ከሞላ መንገዱን ትቶ የሰው ማሳ ይገባል። ይህን ስለሚያውቁ «ይጻፉልን» አሉ። ተጽፎም ቢሆን ማሳ መግባቱ እንደማይቀር አልነገርኳቸውም።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አባቴ የቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ፤ ለተማሪዎቻቸው ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ ጥጤን እየፈተልኩ በግድግዳው ሽንቁር አያለሁ። ስለዚህ ጽሕፈቴ እንደ ፈትሌ ነው፤ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል። ብቻ አይበጠስም።

ያን ጊዜ ወረታ ላይ የሩዝ ነገር የሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት ነበረ። ስሙን ተዉት፤ ረጅም ነው። ከስሙ ውስጥ «ሩዝ» የሚለው ቃል ዘንድ እስኪደረስ አንድ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ዘመኑ የኢሕአዴግ፣ ነገሩም ሁሉ የግምገማ ነበር። እኔ እዚያ ጽዳት ነበርኩ። ሰናይት ደግሞ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆና ከአዲስ አበባ መጣች፤ የጓሮ ክፍሌንም ተከራየች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሻንጣዋን ለተሸካሚ ሰጥታ ኮምፒዩተሯን አቅፋ ወረደች። ያኔውኑ ወደድኳት። ሰው የሚታወቀው በሚያሸክመው አይደለም፤ በሚያቅፈው ነው።

ከኃላፊው ቢሮ ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰናይት እዚያ «ሰርቨር» የሚሉትን ማሽን አቆመች። በዚያ መሥሪያ ቤት የሚላከውም የሚመጣውም ኢሜይል ሁሉ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ያርፋል፤ እሱ ነው ለየባለቤቱ የሚያድለው። እኔና እሱ ግን ትውውቃችን አላማረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሏ ያለማቋረጥ ብርድ የሚነፋ መሣሪያ ነበረባት፤ ወለል ስወለውል ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አንድ ቀን ሰርቨሩን በእጄ ዳሰስ ባደርገው ይተኩሳል። እኔ አራት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ በብርድ ቤት ውስጥ የሚተኩስ ገላ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ አልሻም። ምች ነው። ምሳ ልወጣ ስል ጋቢዬን አውልቄ ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈንኩት። ከኋላው ደግሞ አየር የሚተነፍስባት ቀዳዳ አለች፤ እሷንም በጋቢዬ ጫፍ ጥቅጥቅ አደረግሁለት፤ ብርድ የሚገባው በዚያ ነው ብዬ።

ስመለስ ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ኢሜይል የለም። ሰናይት ጋቢዬን እንደ ሕፃን በክንዷ ይዛ ከክፍሉ ጥግ ቆማ አገኘኋት።

«እማማ፣ ይኼ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ምነው፣ ላብ ወጣው?»

«ሞቆ ነው የጠፋው። እሱ የሚወደው ብርዱን ነው።»

«ሲተኩስ አይቼ እኮ ነው ልጄ!»

ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ፣ «ሞቆበት ነው፤ አሁን ይነሣል» አለች። በቃ። ጋቢ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጋቢዬንም አጣጥፋ ከፋይል ጋር አቅፋ፣ ማንም ሳያይ ቤት ድረስ አመጣችልኝ።

በዚያው ሳምንት ደጅ ተቀምጬ ከሩዝ ጠጠር ስለቅም መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «እስቲ ልጄ፣ ያ ማሽን ብርድ እየጠጣ የሚውለው ምን ሊሠራ ነው?» አልኳት።

«እማማ፣ እዚህ አገር ሰው ደብዳቤ ሲልክ ከደብዳቤው ጋር ዕቃ ይልካል አይደል?»

«ኧረ ባዶውን ማን ይልካል! ደብዳቤ እኮ እንግዳ ነው፤ እጁን አወዛውዞ ሰው ቤት ይገባል እንዴ? ቋንጣም ቢሆን፣ በሶም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይታሰርለታል።»

«ኢሜይልም ልክ እንደዚያ ነው። ሪፖርት ይታሰርለታል፣ ፎቶ ይታሰርለታል። አንዳንዱ ጥቅል ግን ሪፖርት መስሎ የሚመጣ ቫይረስ ነው። የፈታው ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባና ያለውን ይበላል። ጠግቦ አይተኛም ደግሞ፤ በዚያ ሰው ስም ለወዳጆቹ ሁሉ ራሱን ይልካል።»

«በሰው ስም?»

«በሰው ስም።»

«ይኸማ ሌባ ብቻ አይደለም፤ ነገረኛም ነው!»

«ለዚህ ነው ኬላ ያቆምኩት። የታወቁት ቫይረሶች ምልክት የተጻፈበት መዝገብ አለ። እያንዳንዱ ደብዳቤ ባለቤቱ ዘንድ ሳይደርስ ሰርቨሩ ላይ ጥቅሉ ይፈታል፣ ከመዝገቡ ጋር ይተያያል። ንጹሕ ከሆነ ያልፋል፤ ካልሆነ ለብቻው ተይዞ ይቀራል።»

አሁን የከነከነኝን ጠየቅኋት። «እንዲያ ከሆነ የሰው ምስጢር ታነቢያለሽ ማለት ነው?»

ከሰፌዴ ላይ አንዲት ጠጠር አነሣች። «እማማ፣ እርስዎ ይችን ሲያወጡ፣ ሩዙ የማን ማሳ ነው ብለው ይጠይቃሉ?»

«ምን ቸገረኝ!»

«እኔም እንደዚሁ ነኝ» ብላ ጠጠሯን ወረወረቻት።

እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ባለጠመንጃው ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የሚታየውን ይጠብቃል፤ ይች ቀጭን ልጅ የማይታየውን ትጠብቃለች። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰንበት ጣራ ገዳም ወጥቼ አንድ ጀሪካን ጠበል አመጣሁ። ከበሽታ ጋር ቀን ከሌት የሚታገል ማሽን ያለ ጠበል እንዴት ይሆናል? ሰኞ ጧት ጀሪካኑን ከፍቼ፣ ስመ ሥላሴ ጠርቼ እጄን ስሰነዝር፣ ሰናይት ከበሩ ላይ እንደ ሯጭ ዘልላ መጥታ በእኔና በሰርቨሩ መካከል ተገኘች።

«እማማ! በማርያም! ማሽኑን ይተዉትና እኔን ይርጩኝ!»

ረጨኋት። ፊቷንም፣ ጠጉሯንም፣ አዲሱን ሹራቧንም። ቆማ አሜን አሜን አለች። የቀረውን ደግሞ በጉንጯ ጠጣችው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት ብለው የሚያሟት ነበሩ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያማት ሰው የሚቆምበትን ወለል ደጋግሜ እወለውል ነበር፤ ቆሞ እንዳያወራ።

ትጋቷንስ ነገርኳችሁ? ያ መዝገብ በየዕለቱ ካልታደሰ ኬላው የድሮውን ሌባ እንጂ የዛሬውን አያውቅም። አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ፎገራ ሜዳው ባሕር ሆነ፤ የቴሌ መስመሩም ተበጠሰ። እኔ ደብዳቤ ከሌለ ቫይረስም የለ፣ ዕረፍት አገኘሽ አልኳት። «አይደለም እማማ፤ መስመሩ ሲቀጠል የሳምንቱ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚጎርፈው። መዝገቡ ቀድሞ መድረስ አለበት» ብላ ባሕር ዳር ሄደች። ስትመለስ መኪናው ውኃው መንገዱን ከቆረጠበት ላይ ቆመ። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ከደጄ ደረሰች። መዝገቡ ያለበትን ፍላሽ በላስቲክ ጠቅልላ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች። እግሯን በለብታ ውኃ ሳጥባት ተኝታ ነበር፤ ፍላሹን ግን በእጇ እንደ ጨበጠች ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችኩል ናቸው። ሻይ ሳይቀርብላቸው ማማሰል የሚጀምሩ ዓይነት። አንድ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር የላኩት ትልቅ ሪፖርት ፍተሻው ላይ ግማሽ ቀን ቆየባቸውና ስብሰባ ላይ አፈሩ። የሚቀጥለው ግምገማ ላይ ተነሥተው፣ «ይህ ፍተሻ የሚሉት ነገር ማነቆ ነው!» አሉ። ያን ጊዜ «ማነቆ» የተባለ ነገር ሁለተኛ ቀን አያድርም ነበር። «እስከ ዓርብ እንታገሣለን። እስከዚያ አንድ ደብዳቤ ቢዘገይ ፍተሻው ይነሣል፤ ወይዘሪት ሰናይትም ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራሉ።»

ንብረት ክፍል ማለት የሩዝ ጆንያና የተሰበረ ወንበር ነው። የንብረቱ ሰው አቶ ቢያድግልኝ ግን እጃቸውን አፋትገው፣ «እሰይ፣ ስንት ዘመን ረዳት ስለምን!» አሉ። ይችን ንግግር ያዙልኝ፤ እኔም ይዣት ነበር።

ብርጭቆ ልሰበስብ ገብቼ ስለነበር አላስቻለኝም። «ጌቶቼ፣ ኬላ ላይ ፍተሻ አለ ተብሎ ገበያ ቀርቶ ያውቃል?» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። አቶ ጌታሁንም ሳቁ። ግን ውሳኔውን አላነሡትም። ሰናይት ወደ ደብተሯ አቀርቅራ ነበር፤ ቤት ስትገባም እራት አልበላም አለች። «እማማ፣ ጆንያ መቁጠር አይደለም ያስፈራኝ። ፍተሻው በተነሣ ማግስት የሚመጣው ነው» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ እስከ ዓርብ አንድም ደብዳቤ አይዘገይም፤ እኔ አለሁ» አልኳት። እኔ አለሁ! ኢሜይል የቱ ጋ እንደሚያልፍ የማላውቅ ሴት!

ረቡዕ ላሜ ወለላ ወለደች። ቡሬ ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። ወለላን ጥጃ ሳለች ያሳደጋት ልጄ አስማረ ነው፤ አሁን ሐረር አስተማሪ ሆኖ አገሩን ካየ ቆይቷል። እንግዲህ ይህን ዜና ባዶውን እልካለሁ? እንገሩን በኢሜይል ማሰር አይቻል፤ ፎቶ አንሺ ጠርቼ ላሚቱንና ጥጃዋን አስነሣሁ። ከብዙ ሰርግና ምርቃት ሲሮጥ የዋለ ሰው ነው፤ ፎቶውን በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ሐሙስ ጧት ይዤው ጸሐፊያችን ሙሉነሽ ዘንድ ሄድኩ።

«ጻፊልኝ እንግዲህ። ይድረስ ለልጄ ለአስማረ። ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንዴት ነህ። እትዬ ደብሬ ሰላም ይሉሃል። ልጆቻቸው ሰላም ይሉሃል። የቁሐሩ አጎትህ፣ ከነባለቤቱ...»

«እትዬ፣ ላሚቱ መቼ ልትወልድ ነው?»

«ቆይ፣ ገና ጎረቤት አልጨረስኩም!»

በመጨረሻ በደብዳቤውም ወለላ ወለደች። ሙሉነሽ ፍላሹን ሰክታ፣ «እዚህ ‹ላም› የሚል ፎልደር አለ፤ እሱን ላያይዘው?» አለችኝ።

«እሱን! እሱን!»

«ለአስማረ ብቻ ነው?»

ይኸን ጊዜ አስተዳደጌ መጣብኝ። በእኛ አገር ላም ስትወልድ እንገሩን ለብቻው የሚጠጣ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም፤ ለጎረቤት ይደርሳል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጎረቤቴ አይደለም? አንዱን ዘልዬ ለአንዱ ብልክ ምን ይለኛል? «ለሁሉም አድርጊው። ለአቶ ጌታሁንም ይድረሳቸው፤ ልባቸው ይራራ ይሆናል» አልኳት። ሙሉነሽ ሁሉንም መረጠችና ላከችው። እኔም ዕዳዬን የከፈልኩ ያህል ቀሎኝ ባልዲዬን አነሣሁ።

አንድ ኮሪደር ወልውዬ ሳልጨርስ ጩኸት ሰማሁ። ኢሜይል ቆሟል! አቶ ጌታሁን ሪፖርት ልከው አልሄደላቸውም። ሰናይት ከሰርቨሩ ፊት ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። አንድ በሽተኛ ደብዳቤ ተይዟል፤ ለብዙ ሰው የተላከ ስለሆነም ኬላው እያንዳንዱን ጥቅል ሲፈታ ሌላው ሁሉ ከኋላ ተሰልፏል።

«ፍተሻውን ያንሡትና ሪፖርቴ ይሂድ!» አሉ አቶ ጌታሁን።

«ካነሣሁት በሽተኛውም አብሮ ያልፋል። በየኮምፒዩተሩ ያለው የገበሬው የሩዝ መዝገብ ይበላል። ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ፤ ለይቼ አወጣዋለሁ።»

«ግማሽ ሰዓት የለኝም! ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ምን ብለን ነበር?»

ሰናይት ተነሥታ ከማሽኑ ፊት ቆመች። እግሯ አልተንቀሳቀሰም። «ንብረት ክፍል እሄዳለሁ። ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ።»

እኔም መወልወያዬን ይዤ ከጎኗ ቆምኩ። ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ግን መወልወያ የያዘች አሮጊት በበር ላይ ስትቆም ሰው ዘሎ አያልፍም፤ ወለሉ ርጥብ ነው ብሎ ይፈራል።

«ማነው የላከው?» አሉ አቶ ጌታሁን። «ስሙን ይንገሩኝ!»

ሰናይት ወደ እኔ ዞር አለች፤ ከዚያ ወደ እሳቸው። «አቶ ጌታሁን፣ እኔ ደብዳቤ ነው የምፈትሸው፤ ሰው አልፈትሽም።»

እንዲህ እንደ ተፋጠጥን የአቶ ጌታሁን ስልክ ጮኸ። ጎረቤታችን ካለ መሥሪያ ቤት ነው፤ እነሱ ኬላ የላቸውም። ከትናንት ወዲያ የምርቃት ፎቶ የሚል ፎልደር ከፍተው ኖሮ፣ ኮምፒዩተሮቻቸው አንድ ባንድ ተበልተው አልቀዋል፤ የዓመት ሥራቸው የለም። «ያችን ባለሙያችሁን አውሱን» ይላሉ። አቶ ጌታሁን ስልኩን ዘጉና ወንበር ፈለጉ። ተቀምጠውም፣ «ግማሽ ሰዓቱን ይውሰዱ» አሉ። ሃያ ደቂቃ በቃት።

ፍተሻው አልተነሣም። ሰናይትም ጆንያ ከመቁጠር ዳነች። ግን የላኪውን ስም አልናገርም በማለቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ፈርማ ተቀበለችና ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ ከተተችው።

እኔ ግን ማን ይያዘኝ! ለዚያ ለማይታወቅ ላኪ ብላ ማስጠንቀቂያ የወሰደችው ልጄ ናት! ዓርብ ጧት ሠራተኛው ሁሉ በሚገባበት በር ላይ ቆሜ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ረገምኩ። «ያንን ደብዳቤ የላከ፣ ወገቡን ይያዘው! ሲቀመጥ መነሣት፣ ሲነሣ መቀመጥ ይጣ!» ሰናይት ከውስጥ እየሮጠች መጥታ አፌን በመዳፏ ከደነችው። «እማማ፣ ኧረ ይተዉ! ኧረ ይመልሱት!» እርግማን ተተፍቶ ይዋጣል? አባቶች ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይሉ ነበር፤ እኔ ግን አርቄ፣ ግራ ቀኙን አስፍቼ ማስኩት።

ላኪውንም አውቄዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ረዳት ሲለምን የኖረ ማነው? አቶ ቢያድግልኝ! ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» ሲሉኝ ወደ ጣሪያ አያለሁ። ቢሯቸውን ስጠርግ አቧራውን ወደ እሳቸው ነው የምገፋው። እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው እስኪያቃስቱ ጠበቅሁ። እንደ ወጠጤ እየዘለሉ ይሄዳሉ! እርግማኔ ዘገየ እንጂ አይቀርም እያልኩ ሰባት ዓመት ሰላምታ ነፈግኋቸው።

ሰናይት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የቢሮውን ካሜራ ይዛ ጓሮዬ መጣች። «ፎቶው ለአስማረ አልደረሰም፤ እኔ ልድገመው» ብላ ወለላን ከነጥጃዋ አነሣቻት። ያንንም ፍላሽ «አጽድቼ እሰጥዎታለሁ» ብላ ወሰደችው። አስማረ ፎቶው ሲደርሰው ደስ ብሎት ለጥጃዋ ስም አወጣላት። ይችን ልጅ እግዚአብሔር ምን ብሎ እንደ ፈጠራት እንጃ! በሰው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ተቀብላ፣ ደግሞ ለእኔ ላም ትጨነቃለች እያልኩ ሳደንቃት፣ ዝውውሯ ደርሶ አዲስ አበባ ተመለሰች።

እኔን ደግሞ በዚያው ሰሞን ወገቤን ያዘኝ። ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ጠበል ብገባ፣ አልለቀቀኝም። ስቀመጥ መነሣት፣ ስነሣ መቀመጥ አቃተኝ። የወለል ሥራ ነው ተባለ። በመጨረሻ፣ በሰባተኛው ዓመት፣ ሙሉነሽ አዘነችልኝና ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዛኝ ወረደች። እስከ አንገታችን ተነክረን ስንጨዋወት የሰናይት ነገር ተነሣ። እኔም፣ «ያ ቢያድግልኝ እርግማኔ እንዴት ሳይነካው ቀረ?» አልኩ።

ሙሉነሽ ሳቀች። አልቆመም። ውኃ ገባባት፤ ጀርባዋን መታሁላት።

«እትዬ፣ ሰናይት በማተቤ አስምላኝ ነበር፤ ግን ወገብዎ እንዲህ ሲያሠቃይዎ ዝም ብል ኃጢአት ነው። ቢያድግልኝ ምን አጠፉ! ያንን ፎልደር ፎቶ መስሎኝ ያያያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቫይረሱ ከፎቶ አንሺው ፍላሽ የመጣ ነው። ሰናይት ጠርታኝ ደብዳቤውን አሳየችኝ፣ ‹እማማ እንዳይሰሙ› ብላ አለቀሰች። እኔ አርእስቱን ዛሬም አልረሳሁትም።»

በሰናይት ኬላ ተይዞ የቀረው የዚያ በሽተኛ ደብዳቤ አርእስት «ወለላ ወለደች» የሚል ነበር።